ጥየቃ የማያውቁ የመንገድ መጻሕፍት

“ጅጅጋ ልሄድ ነው” ማለቴ ነው ጥፋቴ። ጎረቤቴ ብርድ ልብስ አዘዘችኝ፤ “ወፍራሙን፣ አበባ ያለበትን” ብላ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የሽቶ ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና እንዳልረሳው ማታ ደግሞ ደወለልኝ። የሠፈራችን ባለሱቅማ ብር ካላስያዝኩሽ ብሎ ሲታገለኝ አመሸ። ምን አለፋችሁ፣ ስንት ሰው ሲያዘኝ ሲያስጽፈኝ ሰንብቶ “ለመሆኑ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?” ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

የምሄደው አራስ ልጠይቅ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያ ታስተምራለች። ባሏም እዚያው ነው የሚሠራው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሃያ ቀኗ ነው። እህቴ በሕይወት ስለሌለች ጥየቃው የእኔ ዕዳ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ የገብስ ዱቄት፣ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና አብሽ አለ። ከዱቄቱ ጎን ደግሞ፣ የማስተማር አመል አይለቅምና፣ ስለዚያ መንገድና ስለዚያ አገር ሰው የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ይዣለሁ።

ትርጉም ያለው ጉዞ የሚባል ነገር አሁን አሁን ብዙ ይሰበካል። ሰው ራሱን ሊፈልግ ተራራ ይወጣል፤ ነፍሱን ሊያድስ ባሕር ዳር ይሰነብታል። መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን የእኛ እናቶች ስም ሳያወጡለት ሲጓዙት የኖሩት ትርጉም ያለው ጉዞ አለ፤ ጥየቃ ይባላል። አራስ ጥየቃ፣ ሕመምተኛ ጥየቃ፣ ኀዘንተኛ ጥየቃ። መንገደኛዋ ስትመለስ የምትጠየቀው “ምን አየሽ?” ተብሎ አይደለም፤ “እንዴት ሆነው አገኘሻቸው?” ተብሎ ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ነገር ይኸው ነው። የመንገድ መጽሐፍን በዚህች ጥያቄ ብንመዝነው ምን ይተርፈዋል?

መንገዱ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ ነው። ባቢሌ ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ኦቾሎኒ የያዙ እጆች በመስኮት ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ አለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው ቢያነጥስ የሚወድቅ ይመስላል። ካራማራ ላይ ስንደርስ ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ወሬያቸውን አቁመው ዝም አሉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከዚያድ ባሬ ጦር የተለቀቀችበት ቀን መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የሬዲዮው ፉከራ ትዝ ይለኛል። ዝምታቸውን አከበርኩላቸው።

ካራማራን እንደ ወረዱ ያ ሰፊ ሜዳ ይገለጣል። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ለእኛ ለመኻል አገር ሰዎች ጅጅጋ ሦስት ነገር ናት፤ ጦርነት፣ ዕቃና ድርቅ። ጦርነቱን ዘፍነንለታል። ዕቃውን ለብሰነዋል። ድርቁን በዜና ሰምተን ከንፈራችንን መጥጠናል። ሜዳው ላይ የምታርስ ሴት እንዴት እንዳደረች ግን የጠየቀ ጽሑፋችን የትኛው ነው?

ከያዝኳቸው መጻሕፍት አንጋፋው የእንግሊዛዊው የሪቻርድ በርተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 የታተመው “በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ እርምጃዎች”። ሰውየው በ1854 መጨረሻ በዓረብ ነጋዴ ልብስ ከዘይላ ተነሥቶ፣ ይህንን ሜዳ አቋርጦ፣ በ1855 ጥር መባቻ ሐረር ገባ። ከተማዋ በር ሲደርስ ማንነቱን ገለጠ። ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወደ በርበራ ወረደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በርበራ ባሕር ዳር ሰፈራቸው በሌሊት ሲወረር ጦር በጉንጩ ገብቶ በሌላው ጉንጩ ወጣ። ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ነበር።

በርተን ዓይን አለው። ቋንቋ ይይዛል፤ የሣሩን ዓይነት፣ የግመሉን አጫጫን፣ የጎሣውን ስም አንድ በአንድ ይመዘግባል። ንቀቱም አብሮ ይመዘገባል። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ዋና ችግር ንቀቱ አይደለም፤ ንቀትን ልብ ያለው አንባቢ አበጥሮ ሊያልፈው ይችላል። ችግሩ ርዕሱ ላይ ነው። የመጀመሪያ እርምጃ! ከጎኑ የሚራመዱት እነማን ነበሩ? በቅፍለቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። ምግብ ያበስላሉ፣ ግመል ይጭናሉ፣ ያራግፋሉ። እሱ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ቀድቶ ሸህራዛድና ዲናርዛድ የሚል ቅጽል አወጣላቸው። እስቲ አስቡት። ሸህራዛድ ማለት ተረት እየተናገረች ነፍሷን ያተረፈች ሴት ናት። በበርተን ገጾች ላይ ግን ከእነዚህ ሴቶች በአእምሮዬ የቀረው ጉልበታቸውና የሰውነታቸው ግዝፈት ነው። ስንት እንደ ወለዱ፣ ስንት እንደ ቀበሩ አላውቅም። የተራኪዋን ስም ሰጥቶ ትረካዋን ነሳት።

ከዚህ የባሰ አለ። በርተን የሴት ልጅ ግርዛትንና መስፋትን የሚመለከት አባሪ ለመጽሐፉ አዘጋጅቶ ነበር። የጻፈው በላቲን ነው። በዚያ ዘመን ላቲን የተማሩ ወንዶች ቋንቋ ነውና ወይዛዝርቱ እንዳያነቡት ማለት ነው። ይህም አልበቃ ብሎ አሳታሚው ደነገጠና አባሪውን ከአብዛኞቹ ቅጂዎች አስወጣው። ስለዚህ ስለ ግመል ጭነት ስንት ገጽ ያለው መጽሐፍ፣ የግማሹን ሕዝብ ጤና የሚመለከተው ክፍል ሲደርስ መጀመሪያ ተቆለፈ፣ ቀጥሎ ተቀደደ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ በርተን አጻጻፍ ብዙ ለፍልፌአለሁ፤ ስለ ተቀደደው ወረቀት ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ሁለተኛው መጽሐፍ የኑረዲን ፋራህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው “ከጎባጣ ጎድን” ልንለው የምንችለው ልብ ወለድ። ኑረዲን በዓለም የታወቀ ደራሲ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በኦጋዴን ቀላፎ ሲሆን፣ እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ አማርኛ ተምሯል። የእኛን ፊደል ቆጥሮ የወጣ ሰው መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ታሪኩ የኤብላ ነው። አያቷ በግመል ዋጋ ለሽማግሌ ሊድራት ሲል ይህች የአርብቶ አደር ልጅ ጠፍታ ወደ በለድወይን ትሄዳለች። የአጎቷ ልጅ ቤት ትጠጋለች፤ ሚስቱ እርጉዝ ናትና ስትወልድ ኤብላ ታዋልዳታለች። ኋላ እሱም በተራው ሊሸጣት ይዋዋልባታል። እንደገና ትጠፋለች፤ ወደ ሞቃዲሾ።

የኑረዲን ትልቅነቱ ኤብላን አለማጽዳቱ ነው። አታሳዝንም፣ አትሰብክም። ከብትና ሴት በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ እያየች ለራሷ ታሰላስላለች፤ ስሌቷ አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴ ያስደነግጣል። ወጣት ወንድ በሃያዎቹ ዕድሜ ይህን መጻፉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ኤብላ የደራሲውን ሐሳብ ተሸክማ የምትናገርባቸው ቦታዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ይቀጥናል።

የእኔ ጉድለት ግን ይበልጣል። ይህን መጽሐፍ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ኤብላን “የአገር ምሳሌ ናት” እያልኩ፤ አያቷን ልማድ፣ ሽማግሌውን ያረጀ ሥርዓት፣ ከተማውን አዲስ ዘመን እያስመሰልኩ። ሰሌዳው በቀስት ይሞላል። አንድ ቀን ከምሥራቅ የመጣች ተማሪ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ እጇን አነሣች። “መምህር፣ ያዋለደችበትን ቦታ ግን ዘለልነው” አለችኝ። ሰዓት አልቆብናል አልኳት። አላለቀብንም ነበር። ምን እንደምለው ስላላወቅኩ ነው። በቀስት የማይመለከት ነገር ሆነብኝ፤ ምጥ ምሳሌ አይደለማ! ልጅቷም ተቀመጠች፣ ሌላ ጊዜ እጇን አላነሣችም። ያን ቀን የተሸነፍኩት እኔ እንደ ሆንኩ የገባኝ ጅጅጋ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ቀጥናለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል። “አክስቴ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ” አለችኝ። የወለደችው ጤና ተቋም ውስጥ ነው። በማግስቱ ደህና ነሽ ተብላ ቤቷ ገባች። ማታውን ደም ይፈሳት ጀመር። እሷ የአራስ ወግ መስሏት ዝም አለች፤ ባሏም ወንድ ነው፣ ምን ያውቃል። ያወቁት የግቢያቸው ጎረቤት ናቸው። ሁሉም “አዬዮ” ይሏቸዋል፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። አንሶላውን ገልጠው አዩና “ይሄ የአራስ ደም አይደለም፣ ተነሺ!” አሉ። ነጠላም ሳታጣፋ ባጃጅ ላይ ጫኗት። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማሕፀኗ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ አንድ ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

የያዝኩትን ዱቄት ታቅፌ አለቀስኩ። አዬዮ ግን ለቅሶዬን አልወደዱትም። “አሁን ደህና ናት፣ ገንፎውን አገንፊ” አሉኝ። ከገንፎው ጎን እሳቸው ያፈሉት አብሽ ቀረበ፤ ለአራስ ጡት ወተት ያመጣል ብለው፣ እናቴ ትለው እንደ ነበረው ቃል በቃል። ከሰል ላይ እጣን ጣሉ። ለእነሱ አራስ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም፤ ሲሞላላት አፈርተንባህ ብለው ይደግሱላታል። የእህቴ ልጅ “የእኔዋ ሴት ናት፣ ክርስትናዋ በሰማንያ ነው” ስትላቸው፣ “እንግዲያው ሁለት ጊዜ እንበላለን” አሏት።

አዬዮ የበርበራ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የጀልባ ሰው። ማታ ማታ ስለ ባሕሩ አጫወቱኝ። እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ በርበራ እሳት ትሆናለች፤ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ከሁሉ በፊት ግን እርጉዞቹ ይላካሉ። ነፋሱ ሲዞር ጀልባ ይመጣል፣ ሰውም ይመለሳል። እናታቸው ሲያርሱ የሚጠጡት የዓሣ ሾርባ ነበር። እሳቸው ወደ አርብቶ አደሩ ወገን ሲዳሩ ግን የባል ዘመዶች “ዓሣ በላ” እያሉ ሲስቁባቸው፣ ያረሱት በግመል ወተት ነው። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ሲደበድብ ልጅ አዝለው ሐርተሼክ ደረሱ። ሐርተሼክ ያኔ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል የደረሰ፣ በ1996 ዓ.ም. የተዘጋ ሰፈር ነው። አዬዮ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሲያዋልዱ ኖረዋል። “የሞተብኝም አለ” አሉ፤ ስንት እንደ ሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሐርተሼክ! እኔ እኮ ይህን ስም የማውቀው በካሴት መቅጃና በቦንዳ ልብስ ነው። አዲስ አበባ “የሐርተሼክ ዕቃ” ሲባል እሰማ ነበር። አንድ ስም፣ ሁለት ትዝታ።

ባሕሩም እንዲሁ ነው። እኛ ባሕር ስንል ወደብ ማለታችን ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ሲፈረም ስንቱ በየሻይ ቤቱ ካርታ ሣለ፣ ስንቱ ጻፈ፣ ስንቱ ተጣላ። እኔም ያልኩትን ብያለሁ። ስለ ቶን፣ ስለ ኪሎ ሜትር፣ ስለ ክብር ያልተባለ የለም። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ መኻል ግን ባሕሩ ዳር የሚኖር ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር፣ ሴቶቹ የት እንደሚወልዱ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ አንብቤ ከሆነ ትዝ አይለኝም። ወደብ ለመጠየቅ የሄደ ሰው የቤቱን ሰዎች እንዴት ናችሁ አለማለቱ በእኛ ባህል ነውር አይደለም እንዴ?

ሦስተኛውን መጽሐፍ ያነበብኩት እዚያው፣ ሕፃኗ ስትተኛ ነው። የኤድና አደን ኢስማኢል ግለ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ርዕሱ “የመጀመሪያዎቹ ሴት” እንደ ማለት ነው። ኤድና የሐኪም ልጅ ናቸው። ስምንት ዓመታቸው ሳለ አባታቸው ከቤት በወጡበት እናታቸውና አያታቸው አስገረዟቸው። አባትየው ሲመለሱ የተቆጡት ቁጣ ከልጅቷ አእምሮ አልወጣም፤ የተደረገብኝ ነገር ትክክል አይደለም የሚለውን ሐሳብ የተማርኩት ከዚያ ቁጣ ነው ይላሉ። እንግሊዝ ሄደው አዋላጅ ነርስ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ግርዛት በአደባባይ መናገር ጀመሩ። በስተርጅና ያላቸውን ሸጠው፣ ሐርጌሳ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ ላይ የእናቶች ሆስፒታል አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፈተ፤ አዋላጆችንም ያሠለጥናል።

መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ስመዝነው እንከን አለበት። ጸሐፊ ረዳት አብሯቸው ስለ ሠራ ቋንቋው ለስልሷል፤ አንዳንድ ምዕራፍ የሹመትና የሽልማት መዝገብ ይመስላል። ከሁሉ በላይ የእናትየውን ምክንያት ከራሳቸው አፍ ብሰማ እወድ ነበር። የምትወደውን ልጅ ይዛ ለምላጭ የምትሰጥ እናት ምን ፈርታ ነው? ልጄ ባል ታጣለች ብላ? ይህ ካልተመለሰ ቁጣው ብቻውን ልማድ አይሰብርም።

ቢሆንም የሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በርተንም “የመጀመሪያ” ብሏል፣ ኤድናም “የመጀመሪያ” ብለዋል። የበርተን ቃል ከጎኑ የሚራመዱትን ይሰርዛል። የኤድና ግን ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ እንድትመጣ በር ከፍቶ የሚቆም ቃል ነው። በርተን በላቲን የቆለፈውን፣ አሳታሚው የቀደደውን ገጽ፣ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ ያችው የተገረዘችው ልጅ በአደባባይ አነበበችው። ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ማየት ደስ ይላል።

ገጹ ዛሬም አልተዘጋም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው፤ በሶማሌ ክልል 99 በመቶ። በክልሉ ከተገረዙት መካከል 73 በመቶው ተሰፍተዋል። ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በጤና ተቋም የተወለደው ልጅ በአገር ደረጃ 26 በመቶ ሲሆን በክልሉ 18 ነበር። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ግርዛትንም መስፋትንም ይቀጣል። ሕጉ አለ። አንሶላ ገልጦ የሚያይ ሰው ነው የሚያንሰው።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ አዬዮ የዊልዋልን ተረት አወሩልኝ። ጅጅጋ አካባቢ የነበረ ገራድ፣ ብልህና አስቸጋሪ ገዥ ነው። አንድ ቀን “ሰውን የሚያጣላም የሚያፋቅርም የበግ ብልት አምጡልኝ” ብሎ አዘዘ። ሁሉም ታፋና ፍሪምባ ተሸክሞ መጣ። አንድ ድሃ ግን ልጁን አማከረ። ልጅቷም “ጉሮሮውን ውሰድለት” አለችው። ሌላው የሚጥለውን! ሰው ለጉሮሮው ብሎ ይጣላል፣ ከጉሮሮው አካፍሎ ይፋቀራል። ዊልዋል መልሱ የአባትየው እንዳልሆነ ወዲያው ገባው።

በማግስቱ የተሳፈርኩት በዚያው ገራድ ስም ከሚጠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ብርድ ልብሱንም ሽቶውንም አልገዛሁም። እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነው። አውሮፕላኑ ሜዳውን ለቆ ሲነሣ የማስበው ስለ ተጣሉ ብልቶች ነበር፤ ስለ ተቀደደው አባሪ፣ ስለ ዘለልኩት ቦታ።

ያቺን ተማሪ ዛሬ የት እንደማገኛት አላውቅም። ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። ልጄ፣ ሰዓት አላለቀብንም ነበር። የዘለልነው ቦታ የመጽሐፉ ዋና ቦታ ነው፤ አንቺ አውቀሽው ነበር።

ጎረቤቴ በር ላይ ጠብቃኝ “ብርድ ልብሱስ?” አለችኝ። አስቀመጥኳት፣ ቡና አፈላሁ፣ ስለ አንሶላውም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ስኒዋን አስቀምጣ “እና አሁን እንዴት ናት? ሴትዮዋስ እንዴት ናቸው?” አለችኝ።